የኤሌክትሪክ መስመርን በጠቋሚ መሣሪያ ስለ መጠበቅ፤ ከመርካቶ ሲታይ

የኤሌክትሪክ መስመር ሴንሰር በሚባለው ጠቋሚ መሣሪያ ይጠበቅ የሚለው ሐሳብ በምሕንድስና ተማሪዎች ዘንድ እየተዘወተረ መጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ክርክሩ ዘወትር የሚጀመረው ከረጅሙ የብረት ምሰሶ ስለ ሆነ፣ ኃይሉ በመጨረሻ የሚደርስበት ሰው ይዘነጋል። እኛ በበኩላችን ሐሳቡን ከመርካቶ ቆመን ልንመረምረው እንወዳለን።

በቅድሚያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ከታላቁ የሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ ጭነት ሲበዛበት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ወደ መሬት ይረግባል። ነፋስ ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ የሽቦውን ሙቀትና የመርገቡን መጠን የሚለካ መሣሪያ፣ መስመሩ በዚያች ሰዓት ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ይነግራል። ከምሰሶ ላይ ብረት ፈትተው የሚወስዱ ሌቦች ባሉበት አገር፣ የምሰሶውን መዝመም የሚያስታውቅ መሣሪያም ጥቅሙ ግልጽ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው በታላቁ መስመር የሠራው በገበያውም እንዲሁ ይሠራል ሲባል ነው። መርካቶ የሚገባው ኃይል በ15 ሺህ ቮልት መጥቶ በትራንስፎርመር ወደ 380ና 220 ቮልት ወርዶ ይታደላል። በምናለሽ ተራ ብረት ይበየዳል፤ በሌላው ተራ የልብስ ስፌት መኪና ይሽከረከራል፤ የቆርቆሮ ሱቅ በነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሟል። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በሽቦው የሚባክነው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ሁለት አደጋዎችን እንመልከት። የመጀመሪያው የላላ መጋጠሚያ ነው። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከተለመደው ሳይበልጥ መጋጠሚያው ብቻ ይግላል፤ የኤሌክትሪኩን መጠን ብቻ የሚለካ መሣሪያም «ሁሉ ደኅና ነው» እያለ ሱቁ ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛው ተበጥሶ በደረቅ አስፋልት ላይ የወደቀ ሽቦ ነው። ደረቅ አስፋልት ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለማያስተላልፍ፣ በሽቦው የሚያልፈው ጥቂት ሆኖ በማከፋፈያ ጣቢያው ያለው ብሬከር ላይቆርጥ ይችላል። ሽቦው ግን የረገጠውን ሰው ይገድላል። እንግዲህ መሣሪያው የሚለካውና ሰውን የሚጎዳው ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው ቢጠቁም የሚሰማው ማን ነው? በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራት ኃይል ሥራ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ድርጅቶች ተከፍሏል። ማመንጨትና ታላላቅ መስመሮች የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማደል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆነዋል። ከጣቢያው የተገኘ ምልክት ወደ ሰፈሩ የጥገና ሠራተኛ የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ ካልተበጀ፣ መሣሪያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ መንሥኤው ምንም ይሁን ምን፣ በተጨናነቀ ገበያ ውስጥ እሳት ከተነሣ በኋላ መድረስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ አሳይቶናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ያገራችን ብሂል ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢለወጥ እንወዳለን። በመጀመሪያ በገበያው ትራንስፎርመሮች ላይ የጭነትና የዘይት ሙቀት መለኪያ ይተከል። ቀጥሎም መጋጠሚያዎች ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ በየጊዜው ይመርመሩ። ኮንታክት የት እንደ ተፈጠረ የሚጠቁም መብራት በየመስመሩ ቅርንጫፍ ይደረግ። ከሁሉም ጋር ምልክቱን ተቀብሎ የሚወጣ ተረኛ ቡድን ይመደብ።

ይህን ስንል የታላላቅ መስመሮችን ጥበቃ ለማቃለል አይደለም። መሣሪያ መምረጥ የጥናት መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይገባውም ለማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ምርምር ለማድረግ የሚያስብ ጓደኛችን ሁሉ፣ መሣሪያውን ከመግዛቱ በፊት አንድ ቀን በመርካቶ ተዘዋውሮ ሽቦው የት እንደሚግል፣ በሥሩስ ማን እንደ ተቀመጠ ቢመለከት፣ ለጥናቱ ትልቅ መሠረት ይሆነዋል እንላለን።