«ራስን መቻል» የሚለው ሐሳብ በሕግጋታችንና በትምህርት ስልታችን፤ ከይፋት ቆላ አንጻር የቀረበ ሒስ

ስለ አካል ጉዳተኞች በሚወጡ መመሪያዎችና ዕቅዶች ውስጥ «ራስን መቻል» የሚለው ሐረግ በብዛት ይደጋገማል፤ ትርጉሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሐሳቡ በሕግጋታችንና በትምህርት ስልታችን ውስጥ እንዴት እንደተቀረጸ መመርመርና በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ከሚታየው አኗኗር ጋር ማገናዘብ ነው። ሒሱ የሚያተኩረው በአስፈጻሚዎች ላይ ሳይሆን በተጻፈው ቃል ላይ ነው፤ መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው የሚሠራው በተሰጠው ቃል ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1971 የአካል ጉዳተኞችን መልሶ ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት ለመመሥረት የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 70፣ በዚያ ዘመን ድኩማን ይባሉ የነበሩትን ወገኖች የተረጎመው በሁለት መለኪያ ነበር። አንደኛው በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት የዕለት ኑሮን ለማግኘት አለመቻል ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሚረዳ ሰው ማጣት ነው። በዕድሜ ማነስ ወይም በእርጅና ምክንያት መሥራት ያልቻሉትም በዚያው ትርጉም ተካተው ነበር። ሁለተኛው መለኪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በወንድሟ ቤት የምትኖር ዓይነ ስውር ሴት፣ ወንድሟ ጧሪዋ ነውና፣ በዚህ ትርጉም የመንግሥት ጉዳይ ልትሆን አትችልም፤ የቤት ጉዳይ ናት። ወንድሟ እንዴት እንደሚረዳት፣ መቼ ከቤት እንደምትወጣ፣ ማን እንደሚመራት የሚጠይቅ አካል የለም። ትእዛዙ ዛሬ አይሠራበትም፤ አስተሳሰቡ ግን በብዙ ዕቅዶቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ደነገገ። በሥራ ስምሪት ረገድ የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ ከዚህ ርቆ ሄዷል፤ ጉዳቱን ከሰውየው ሰውነት ብቻ ሳይሆን በኅብረተሰቡ ከሚደርስበት አድልዎ ጋር አያይዞ መተርጐሙ ምስጋና የሚገባው ነው። ይሁንና አዋጁ አሠሪው ለሠራተኛው ረዳት እንዲመድብለት ያዛል። «እንዲመድብለት» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ረዳቱ የሚመደብ እንጂ በተረጂው የሚመረጥ አይደለም። ከዚህም ሌላ የቀወት ገበሬ ማሾውንና ማሽላውን፣ በመስኖም ሽንኩርቱን የሚያለማው በአብዛኛው በራሱ ማሳ ላይ ነው። አሠሪ ለሌለው ሰው የአሠሪ ግዴታ ምን ይፈይዳል?

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 19 ነገሩን ከመሠረቱ ይለውጠዋል። አካል ጉዳተኛው የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው፣ በተወሰነ ቦታ እንዲኖር ሊገደድ እንደማይገባው፣ የግል ረዳትን ጨምሮ በቤቱና በአካባቢው ድጋፍ ማግኘት እንደሚገባው ይገልጻል። የዚህ ሐሳብ አንዱ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1972 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ከተማ የተቋቋመው ማዕከል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ኤድ ሮበርትስ በ14 ዓመቱ በፖሊዮ ምክንያት ከአንገቱ በታች ሽባ ሆኖ ሌሊቱን በመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ያሳልፍ ነበር፤ ልብሱንም ራሱ መልበስ አይችልም። የክፍለ ሀገሩ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት በአንድ ወቅት ለሥራ የማይበቃ ነው ብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የዚያው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነ። ልብስ ማልበስ የረዳቶቹ ሥራ ነበር፤ መቼና እንዴት የሚለው ግን የእርሱ ውሳኔ ነበር።

ይህ ሐሳብ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብሎ የሚያመነታ አንባቢ የገጠራችንን አነጋገር ያስተውል። አንድ ጎልማሳ ጎጆ ወጥቶ የራሱን ማሳ ሲይዝ «ራሱን ቻለ» ይባላል። ይኸው ራሱን የቻለ ገበሬ ግን አዝመራው ሲደርስ ደቦ ይጠራል፣ ወንፈል ይገባል። ያለ ሰው እርዳታ አንድም ዓመት አያጭድም። ስለምን ጥገኛ አልተባለም? ቀኑን የሚቆርጠው፣ ማሳውን የሚያሳየው፣ ሰውን የሚጠራው እርሱ ስለሆነ ነው። ለአካል ጉዳተኛው የሚሰጠው እርዳታ ግን በረጂው ፈቃድና በረጂው ጊዜ ይመጣል። ልዩነቱ በእርዳታው መኖርና አለመኖር ላይ ሳይሆን በጠሪው ማንነት ላይ ነው። ስለሆነም በመመሪያዎቻችን «ራስን መቻል» ማለት ለማንም ሸክም አለመሆን ተደርጎ መወሰዱ ከራሱ ከአማርኛው ትርጉም ያነሰ ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በ2004 ዓ.ም. ያሻሻለው የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ስልት በዚህ ረገድ እንዴት ይታያል? ልጁን ከአዳሪ ትምህርት ቤት ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ለማምጣት ማሰቡ፣ የድጋፍ መስጫ ማዕከላትንና የግል ትምህርት ዕቅድን ማስተዋወቁ ትልቅ እርምጃ ነው። ድጋፉ ግን የትምህርት ቤቱን በር አይሻገርም። በይፋት ቆላ ችግሩ የሚጀምረው ከበሩ ውጭ ነው። ሠፈሮቹ ተራርቀዋል፤ መንገዱ አሸዋና ደረቅ ወንዝ ነው፤ በክረምት ወንዙ ይሞላል። ለለስላሳ ወለል የተሠራ ባለመንኰራኵር ወንበር እዚያ አሸዋ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ዓይነ ስውሩን ተማሪ የሚመራው ብዙውን ጊዜ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ነው፤ የአንዱ መማር የሌላውን መማር ይሻማል። መስማት የተሳነው ልጅ በክፍል የምልክት ቋንቋ ቢማር እንኳ ቤቱ ሲመለስ የሚያናግረው የለም።

አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ምሁራን አፍርተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከወሎ ገጠር ተነሥተው በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማሩትና በኋላ የሕግ ባለሙያና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች የሆኑት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ፣ ዓይነ ስውርነታቸው ካለዕድሜ ጋብቻ እንዳዳናቸው በተደጋጋሚ ተናግረዋል። ታሪካቸው የሚያኰራ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ የትምህርቱ ዋጋ ከትውልድ መንደር መለየት ነበር። በመንደራቸው የቀሩት እኩዮቻቸውስ?

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ሁኔታ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት የደረሰው ግጭት፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መዝለቁ፣ በአካባቢው ያስከተለው ጉዳት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ እግሩን ያጣ ወጣት ትናንት ማሳውን ሲያርስ የቆየ፣ የራሱን ቀን የሚቆርጥ ሰው ነበር። ሰው ሠራሽ እግር ሊሰጠው ይችላል፤ ትናንት በእጁ የነበረው ውሳኔ ግን በየትኛው መሥሪያ ቤት ይመለስለታል? ዕቅድ አውጪዎችም ቁጥሩን ይመርምሩ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ አካል ጉዳተኞችን ከመቶ አንድ ያህል ብቻ አድርጎ መዝግቧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ የዓለምን አማካይ ከመቶ 15 ገምተዋል። በመጀመሪያው ቁጥር የተበጀተ በጀት የሚበቃው ለጥቂቶች ነው።

ጥብቅናንም በተመለከተ፣ ለልጁ የሚናገሩት ዘወትር ወላጅና ሹም ናቸው። የማኅበራቱ ድምፅ በከተማ ይሰማል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ባለው ቀበሌ ግን እምብዛም አይደርስም። መምህሩ የግል ትምህርት ዕቅዱን ሲያዘጋጅ ተማሪውን አስቀምጦ ሦስት ጥያቄ ቢጨምርበት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመጣህ ማን ነው፣ እርሱን የመረጠው ማን ነው፣ አንተን ለማምጣት ሲል እርሱ ምን ይተዋል? መልሱ «ታናሽ ወንድሜ፣ ከ3ኛ ክፍል አቋርጦ» የሚል ከሆነ፣ በዕቅዱ ላይ የሁለቱም ስም ይጻፍ፤ የመምሪያው ኃላፊም የሁለቱን ወጪ አብሮ ይያዝ።