የነርስ ዲፕሎማ ለዲግሪ ሲቆጠር
የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የሳኒቴሽን ባለሙያው በአንድ ተቋም ተምረው በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። በኋላ የነርስ ትምህርት ለሁለት ተከፈለ። ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በሙያ ደረጃና በብቃት ምዘና ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚቆጥረው ግን በክሬዲት ሰዓት ነው። ከጠዳ ፒያሳ በሚኒባስ ይደረሳል፤ ከደረጃ ወደ ክሬዲት የሚያሻግረው ነው ብርቁ።

በዳባት ጤና ጣቢያ ለዓመታት መርፌ የወጋች፣ ቁስል ያጠበች፣ ሌሊት ምጥ የጠበቀች ነርስ ዲግሪዋን ልትጨርስ ስትመጣ የነርሲንግ መሠረታዊ ክህሎትን እንደ አዲስ ማስተማር ጥራትን አይጠብቅም። ጊዜዋን ይበላል፤ ጤና ጣቢያውም ያንኑ ያህል ያጣታል። የዩኒቨርሲቲዎች ጥርጣሬ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፦ በደረጃ ሥልጠና ፊዚዮሎጂና ፋርማኮሎጂ ጠለቅ ብለው አይሰጡም፣ የምርምር ዘዴም እምብዛም አይነካም። እንግዲያው እነዚህን ትማር፤ የተቀረውን በተግባር ፈተና ታሳይ። ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስምና ውጤት እንጂ በየዋርዱ ያሳለፈችውን ሰዓት አይናገርም። ከላኪው ኮሌጅ የተግባር መዝገቧ አብሮ ቢመጣ መዛኙ መምህር የሚመረምረው ነገር ያገኛል።