ክራርና መድረክ፤ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ

የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ስም በተጠራ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያነሣው ክራራቸውን ነው። እውነት ነው፤ በክራር በሚዘፈን ትዝታ ከእርሳቸው ጋር የሚስተካከል በቀላሉ አይገኝም። ነገር ግን ወይዘሮ አስናቀች ተዋናይም ነበሩ። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የወደድነው፥ ተዋናይነታቸውን ትቶ በዘፈናቸው ላይ የሚሰጥ ፍርድ ጎደሎ መሆኑን ነው።

ወደ መድረክ የወጡበት ዘመን እንደ ዛሬው አልነበረም። በቀደሙት ቴአትሮች ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ በሕዝብ ፊት ቆማ የምታዜም ሴት «አዝማሪ» ተብላ ትናቅ ነበርና። በገና የዳዊት ነው እየተባለ ሲከበር፥ ክራር ግን የዘፈንና የጠጅ ቤት መሣሪያ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር። እንግዲህ ወይዘሮ አስናቀች ሴት ሆነው መድረክ ላይ፥ ያውም ክራር ይዘው ሲቀርቡ፥ ሁለት ነቀፌታ በአንድ ጊዜ ተሸክመው ነበር ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. ለዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ረጅም የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉበት ቤት ነው።

ድምፃቸውን ቀርቦ ላዳመጠው ሰፊ ድምፅ አይደለም፤ ለጩኸትም አልተፈጠረም። ኃይሉ ያለው ከአነጋገሩ ላይ ነው። ስንኙን በዜማ ጀምረው ወደ ጨዋታ ያዘነብሉታል፤ አንድ ሰው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ የሚወቅሱት፥ ወዲያው ደግሞ የሚያባብሉት ይመስላል። ቀጥሎ ዝም ይሉና ክራሩ ብቻውን ይመልሳል። ይህን ዝምታ ከመድረክ ያመጡት ይመስለናል፤ ሌላው ዘፋኝ እንዲህ ያለውን ክፍት ቦታ በእንጉርጉሮ ለመሙላት ይቸኩላል። ቅኔውንም ቢሆን ሰሙን በቀስታ ጥለው ያልፋሉ፤ ወርቁን አድማጩ ራሱ ፈልጎ ያንሣው። በፈጣን ዘፈኖች ላይ ግን፥ ሳንሸሽግ እንናገር፥ ይህ ለዛ በምቱ ይዋጣል። ቃሉ ለመቀመጫ ጊዜ አያገኝምና።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 16ኛው ዲስክ ለእርሳቸው ብቻ የተሰጠ ነው። ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ድምፃቸው ከሀገር ውጭ ባለ አድማጭ ዘንድ ሳይቀር ታውቆ ነበር። የመድረክ ሥራቸው ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። የዚያን ጊዜ ቴአትር በአብዛኛው በፊልም አልተቀረጸም፤ መጋረጃው ሲወርድ ጨዋታውም አብሮ ቀርቷል። ስለ እርሳቸው የሚጻፈውም ቢሆን ከትወናቸው ይልቅ ስለ መልካቸውና ስለ አለባበሳቸው ማውራት ይቀናዋል፤ ይህ ለአንድ ባለሙያ የሚገባ ምስክርነት አይደለም።

የቀረው ማስረጃ የተመልካች ትዝታ ነው፤ ያ ተመልካች ደግሞ አርጅቷል። የቴአትር ተማሪዎች ዲስኩን ይዘው ወደነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቢሄዱ ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንዱን ትዝታ ከፍተው ያሰሟቸው፤ ዘፈኑ ዝም ከሚልበት ቦታ ላይ ሲደርስም፥ በመድረክ ላይ ሳሉ እንዲህ ዝም ሲሉ ፊታቸው ምን ይመስል እንደ ነበር ይጠይቋቸው።