ቀለምና ዜማ

«ቀለም» በአማርኛ ብራና ላይ የሚፈስሰውን ጥቁርና ቀይ፣ በትምህርት የሚገኘውን ዕውቀት፣ በግጥምም የስንኝን ርዝመት የሚመጥነውን አንዱን የድምፅ ክፋይ ይሰይማል፤ በዚህ ክፋይ የወል ቤት የሚባለው ስንኝ በ6 በ6 ቀለም፣ ሰንጎ መገን ደግሞ በ5 በ5 ቀለም ይቆጠራል። መሰንቆና ዋሽንት አንድ ቃና እያሰሙ የሚለዩበት ጠባይም «የድምፅ ቀለም» ይባላል። ይሁንና ተናጋሪው ድምፅን ሲገልጽ ቀጭን፣ ወፍራም፣ ጎርናና ይላል እንጂ ቀይ ድምፅ ወይም ሰማያዊ ድምፅ ማለትን አልለመደም።

ድምፅ ሲሰሙ ቀለም የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ሳይንስ ይህን ሲኔስቴዥያ ይለዋል። የሚታየው ቀለም ግን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ስክሪያቢን ዶ ሜጀርን ቀይ ሲለው ያገሩ ልጅ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነጭ ብሎታል፣ ሬ ሜጀር ቢጫ እንደሆነ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል።

በጎጃም ገጠር ድጓ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ግን ቀለምን ከዜማ የሚያገናኘው ሁሉም አንባቢ በሚስማማበት ሥርዓት ነው። ድጓ በቅዱስ ያሬድ የሚጠራ የዜማ መጽሐፍ ሲሆን፣ ንባቡ በጥቁር ይጻፋል፤ ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚሰፍረው ምልክት፣ ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው፣ ድምፁ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚረዝምና የት እንደሚርገበገብ ያሳያል። ቀዩ ለርእስ፣ ለቅዱሳን ስምና እንደ «ሰላም» እና «ዕዝል» ላሉ የዜማ ስያሜዎች ይቀመጣል። ጸሐፊው ጥቁሩን ሲጽፍ ለቀዩ ክፍት ቦታ እየተወ ያልፋል፤ ቀዩን ከያዘው የቀለም ቀንድ ነክሮ ሲመለስ ቦታው ጠብቦ ከተገኘ ስያሜው ይጨናነቃል፣ የሚያነሣውን ዜማ በጨረፍታ የሚፈልገው መሪጌታም ይቸገራል። ስለዚህ የሙያው ክብደት ያለው ቀዩን ከማሳመር ይልቅ ቀዩ ገና ሳይኖር ስፋቱን መገመት ላይ ነው፤ ይህን ለመገመት ደግሞ ጸሐፊው ዜማውን ራሱ ማወቅ አለበት፣ ዜማ የማያውቅ ጸሐፊ ምንም ያህል እጁ ቢያምር የሚጽፈው ድጓ ለማኅሌት አይመችም።

ድጓ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲባዛ ቀዩ ከጥቁሩ ጋር ይዋሐዳል፣ የዜማው መለያም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጽሐፉን ለደቀ መዛሙርት የሚያባዙ ሁሉ፣ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም፣ ቀዩን ከነቦታው ያትሙት።