ሳይገፉ መቁረጥ

ቶርኖ ላይ 26 ዓመት ሠርቻለሁ። አቃቂ በሰቃ ስናድግ ሰዓታችን የፋብሪካ ፊሽካ ነበር፤ ግማሹ ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ ገባ፣ ለእኔ ብረት ደረሰኝ። የእህቴ ልጅ አንድ እሑድ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ጌም ይዩት» ሲለኝ ኮምፒውተሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እሱን ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የምቀመጠው ለራሴ ነው። የተሠራ ነገር ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ሁለት አካል የተጋጠመበት ቦታ ላይ ነውና፣ እዚህ ያየሁት ግጥምጥም እንቅልፍ ነሳኝ።

ጌሙ ባልደርስ ጌት 3 ይባላል። ላሪያን የተባለ የቤልጂየም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ነው፤ መሠረቱ ደግሞ በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። በዚያ ጨዋታ ሰዎች ጠረጴዛ ይከቡና እያንዳንዱ ሌላ ሰው ይሆናል። የዚያን ሰው እምነት ያምናል፣ መሐላውን ይምላል፤ የሚሳካለትንና የማይሳካለትን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይቆርጥለታል።

ልጁ የሚጫወተው ፓላዲን ሆኖ ነው፤ በመሐላ የታሰረ ተዋጊ ማለት ነው። ንጹሕ ሰው ከገደለ መሐላው ይፈርሳል። ሌሊት ከሰፈረበት ቦታ ጥሩር የለበሰ፣ እሱም ድሮ መሐላውን ያፈረሰ ተዋጊ ይመጣበታል። ወይ ወርቅ ከፍሎ ያድሳል፣ ወይ አፍራሽ ሆኖ ይኖራል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን የመጋዙ ምልክት ይታያል። ሕሊና እንደ መጋዘን ዕቃ ገቢና ወጪ ሲደረግበት እኔ አላምንም።

እኔን የያዘችኝ አብራው የምትጓዘው ሻዶውሃርት ናት። የጨለማና የማጣት አምላክ የሆነችው የሻር አገልጋይ ናት፤ ለተልእኮዋ ስትል ትዝታዋን እንኳ በፈቃዷ አስረክባለች። እጇ ላይ የማይድን ቁስል አለ፣ አልፎ አልፎ ድንገት ያቃጥላታል። ንግግሯ ደረቅ ነው፣ ስለ ራሷ ስትጠየቅ ትዘጋለች። ሠሪዎቿ ግን በዚህ ደረቅ ቅርፊት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትተዋል። ልጁ ለእንስሳ ሲራራ ስክሪኑ ላይ አንዲት አጭር መስመር ብቅ ትላለች፦ ሻዶውሃርት ወደደችው። የሻር አገልጋይ ይህን ለምን ትወዳለች? ማንም አያብራራም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዋና እንደማትችል፣ ናይት ኦርኪድ የሚባል አበባ እንደምትወድ ትናገራለች። ትዝታዋን ሁሉ የሰጠች ሰው ይህች አበባ እንዴት ቀረቻት? ድምጿን የሰጠቻት ጄኒፈር ኢንግሊሽ ናት፤ አበባዋን ስታነሳ ያ ደረቅ ድምፅ ይላላል፣ ወዲያው ደግሞ ይሰበሰባል። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፣ ይህን ለመስማት ግን ብዙም አያስፈልግም።

ከብዙ ሰዓት ጉዞ በኋላ አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ሻር የምትፈልገው መሥዋዕት፣ ናይትሶንግ የምትባል የማትሞት እስረኛ፣ መሬት ላይ ናት፤ ጦሩ በሻዶውሃርት እጅ ነው። ልጁ ምርጫዎቹን አነበበልኝ። ግደያት ሊላት ይችላል፣ ተያት ብሎ ሊከራከራት ይችላል። አንዱ ምርጫ ግን ዝም ማለት ነው።

ቶርኖ ላይ የመጨረሻውን ልኬት ስንይዝ የምናደርገው ነገር አለ። ብረቱ በመቁረጫው ኃይል ትንሽ ተገፍቶ ይሸሻልና፣ የለካኸውን ያህል ቆርጠህም ገና ወፍራም ሆኖ ታገኘዋለህ። ልምድ የሌለው ልጅ ያኔ ጥልቀት ይጨምርና ዕቃውን ያበላሻል። የሚያውቅ ሰው ምንም ሳይጨምር መቁረጫውን በዚያው ልኬት ደግሞ ያሳልፈዋል። የተገፋው ብረት ወደ ቦታው ሲመለስ የቀረችውን ፀጉር ራሱ ያስላጫል። እጅህ እዚያው ነው፣ ግን አትገፋም።

ልጁ ዝም የሚለውን መረጠ፤ እጁንም ከማውሱ ላይ አነሳ። ሻዶውሃርት ቆየች፤ ከዚያ ጦሩን ወደ ገደሉ ወረወረችው። ይህ የሆነው ቀደም ሲል አመኔታዋን ስላገኘ ነው። ያቺ የእንስሳ ርኅራኄ፣ ያቺ አበባ፣ ሁሉም እዚህ ቦታ ላይ ሳይታይ ተበየደ። በሥራው የምደነቀው እዚህ ነው፦ ሌላውን ሰው እንድታዝዝ ሥልጣን ሰጥቶህ፣ ሥልጣኑን ሳትነካው የምትቀርበትን መንገድም እኩል አድርጎ ሠርቶታል።

ወዲያው የመጣብኝ በዛብህ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ እናቱ ውድነሽ በጣሙ ልጇ እንዲተርፍላት ብላ ለእግዚአብሔር ተስላዋለች። ስለቱን ራሱ አልተሳለም፣ ሸክሙ ግን የእሱ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው እኛ ቤት ወሬ ይቆም ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ስንቱን ሆነ! ከሀገሪቱ የመጀመሪያ የራዲዮ ጣቢያዎች አንዱ የቆመው እዚሁ አቃቂ ስለሆነ ይሆናል፣ በድምፅ ብቻ ሰው መሥራትን እንደ ሰፈሬ ሙያ ነው የማየው። ሻዶውሃርትም እንደ በዛብህ ናት። የሴሉኔ፣ የጨረቃዋ አምላክ አማኞች ከሆኑ ወላጆቿ በልጅነቷ ተነጥቃ ነው ለሻር የተሰጠችው።

እህቴ ቡና ይዛ ገብታ ነበር፤ ጦሩ ሲወረወር ቆማ አየች። «ማን ነው የተሳለላት?» አለች። ልጁ ሕፃን ሆኖ ሲታመምባት ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ፣ ታኅሣሥ 19 አዝላው ሄዳ ስለቷን አግብታለች። ነገሩን ስነግራት ሲኒዎቹን አስቀምጣ ከኛ ጋር ተቀመጠች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ሻዶውሃርት ወላጆቿን ታገኛለች፤ በሻር እጅ እየተሠቃዩ ናቸው። እንዲሞቱ ብትለቃቸው የእጇ ቁስል ይተዋታል። ይዛቸው ብትወጣ ሕመሙ ዕድሜ ልኳን አብሯት ይኖራል። እዚህም ምከራት ይላል፣ ወይም ለእሷ ተውላት።

ልጁ እንደገና እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ እናቱ ዞሮ ነበር።