«በረዶ»፣ «ግግር»፣ «ቅልጥ»፦ በግግር በረዶ ሸለቆዎች ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሥነ ምድር ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሚገጥሙት እንቅፋቶች አንዱ «በረዶ» የሚለው ቃል ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ በብርድ የጠጠረውን ውሃ፣ በሌላው ዓለም ምድርን አልብሶ የሚከርመውን ነጭ ብናኝ ሁሉ በዚህ አንድ ስም እንጠራለን፤ «ውርጭ»ና «አመዳይ» ቢኖሩም ድርሻቸው ጠባብ ነው። ይህ ጥቅልነት በዕለት ንግግር አይጎዳም፤ በሙያ ቋንቋ ግን ያሳስታል።

የአርሲን ደጋ ለአብነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመው የፖተር ጥናት በባዳ ተራራ ላይ የጥንት ግግር በረዶ አሻራ መኖሩን አስረድቷል። በባሌና በአርሲ ተራሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናትም ግግሩ ከፍተኛ ስፋቱን የያዘው ከ40 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት፣ ማለትም የዓለም በረዶ ከተስፋፋበት የመጨረሻው ታላቅ ዘመን ቀድሞ መሆኑን አመልክቷል። ዛሬ በኢትዮጵያ አንድም ግግር በረዶ የለም። እንግዲህ ተርጓሚው «በባዳ ላይ የበረዶ ሸለቆዎች አሉ» ቢል፣ የሳጉሬ ተማሪ በረዶ የሞላበት ሸለቆ ይፈልጋል፤ ገበሬውም ገብሱን የሚመታበትን በረዶ ያስባል። የአፋን ኦሮሞው «ጨቢ»ም ጠጠሩንና የረጋውን ስለሚያጠቃልል ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም።

«ግግር በረዶ» የተሻለ ስያሜ ነው፤ ሆኖም ሁለት ጉድለት እናይበታለን። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክን ያሰጠመው ተንሳፋፊ ክምርም «የበረዶ ግግር» ይባላል፤ የቃላቱ ቦታ መለዋወጥ ብቻውን ሁለቱን ነገሮች ሊለይ አይችልም። ሁለተኛ፣ «ግግር» ጠጥሮ መያያዝን እንጂ መንቀሳቀስን አይገልጽም፤ ሸለቆ የሚቦረቡረው ግን በክብደቱ እየተንሸራተተ የሚወርደው አካል ነው። ቢሆንም ስሙን ማንሳት አያሻም። ተንሳፋፊው «ተንሳፋፊ በረዶ» ይባል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ በመዝገበ ቃላቱ ፍች ውስጥ በግልጽ ይስፈር። ስም ፍችን ሁሉ ይሸከም ዘንድ አይጠበቅበትም።

ከዚህ የከፋው «የቀለጠ ውሃ» ነው። የሚቀልጠው በረዶው እንጂ ውሃው አይደለም። «ቅልጥ አለት» የሚለው የታወቀ ስያሜ ትክክል የሆነው የቀለጠውን ነገር ራሱን ስለሚጠራ ነው፤ በዚሁ ሥርዓት «ቅልጥ በረዶ»፣ ውሃው የቀደደው መውረጃም «የቅልጥ በረዶ ቦይ» ቢባል ይስማማል። «ወንዝ» እንዳንል የሚከለክለን ምክንያትም አለ። እንዲህ ያለው ቦይ በግግሩ ጠርዝ ወይም ከሥሩ የተቀደደ ስለሆነ፣ ግግሩ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ደርቆ ይቀራል፤ ከግግሩ ሥር በግፊት ይነዳ የነበረው ውሃም ሽቅብ የሚወጣ ቦይ ሊተው ይችላል። አማርኛ «ወንዝ»ን ከሚፈስ ውሃ አይነጥልም፤ ስለዚህ «ቦይ» ይሻላል።

የሸለቆውን ቅርጽ በተመለከተ በላቲን ፊደል መግለጽ የተለመደ ሆኗል። ግግር ያለፈበት ሸለቆ ወለሉ ሰፊና ክብ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ የራሳችን «ሀ» ነው። ወንዝ ብቻውን የቆረጠው ደግሞ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ «ሽብልቅ» ይመስላል። «ሀ መሰል ሸለቆ» እና «ሽብልቅ መሰል ሸለቆ» ብንል አንባቢው ያለ ሥዕል ይረዳል። ልዩነቱ ለሳጉሬ አካባቢ ጠቃሚ ነው፤ ግግሩ በከፍታው ላይ ተወስኖ ሳለ ወደ ዝዋይ የሚወርደው የከታር ወንዝ ግን የቆላውን መንገዱን የቀደደው በራሱ ኃይል ነው። ሁለቱን በአንድ «የበረዶ ሸለቆ» መጠቅለል ታሪካቸውን ማፋለስ ይሆናል።

«ስምጥ ሸለቆ» በሕዝብ አፍ የገባው መሬቱ መስመጡን፣ ማለትም የአፈጣጠሩን ምክንያት፣ በአንድ ቃል ስለነገረን ነው። አዳዲስ ስያሜዎችም በዚሁ ሚዛን ቢመዘኑ እንወዳለን፦ ሸለቆውን የሠራው ማን ነው? ስሙ ይህን ካልመለሰ፣ ወይም ሌላውን ሠሪ ካስመሰለ፣ ለመዝገቡ ገና አልደረሰም።