ሩኅሩኅነት ስንት ሰዓት ይሠራል?

«ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ»። ይህችን ሐረግ የማያውቅ ቢኖር የመንግሥት ሆስፒታል ደጅ ያልረገጠ ሰው መሆን አለበት። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ላለው ጊዜ ባወጣው የጤናው ዘርፍ ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ የለውጥ አጀንዳዎች አንዷ እሷ ነበረች። ሥልጠና ተሰጠባት፣ ስብሰባ ተጠራላት፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ቅንነቷን አልጠራጠርም። በሽተኛ መመናጨቁ እውነት ነው፤ መታረምም ነበረበት።

ዳሩ ግን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ቅጽል ተደርድሮ ሲያይ ይጠረጥራል። ደካማ ደራሲ «ሰውየው ደግ ነበር» ብሎ ያልፋል፤ ደኅናው ደራሲ ሰውየውን ችግር ውስጥ ይከተውና ደግነቱ እስከ የት እንደሚዘልቅ ያሳየናል። ያችን ሐረግ የጻፉልን ሰዎችም ሦስት ቅጽል ሰጡን እንጂ ነርሷ የምታድርበትን ሌሊት አላሳዩንም።

እስቲ እኛ እንየው። ከጉደርም ይሁን ከጌዶ ወይም ከሸነን ሪፈር ተጽፎለት አምቦ የሚደርስ ሕመምተኛ አለ። አልጋ ሞልቷል ተብሎ በር አይዘጋበትም። ማታ ዱቲ የገባችው ነርስ መርፌው የሷ፣ ጉሉኮሱ የሷ፣ ሙቀትና ደም ግፊት መለካቱ የሷ፣ ቻርት ላይ መጻፉም የሷ ነው። «መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ» ብሎ ለአስታማሚ ማርዳትም የሷ ዕጣ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ አስታማሚ ደግሞ ንዴቱን የሚያወርደው ሚኒስትሩ ላይ አይደለም፤ ፊቱ የቆመችው እሷ ላይ ነው። በዚህም በዚያም «ሲስተር! ሲስተር!» ይባላል። ለመጀመሪያው ጠሪ ፈገግ ብላ ትሄዳለች። ለሊቱ ተጋምሶ ለሃያኛው «ጠብቅ አልኩህ እኮ!» ብትለው ሌላ ሰው ሆና ነው? አይደለም፤ ያቺው ናት። ያለቀው ጉልበቷ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ጉዳይ በበሽታዎች መዝገቡ 11ኛ ዕትም ሲያሰፍር በሽታ አላለውም፤ ከሥራ የሚመጣ ክስተት አለው። ምንጩ በወጉ ያልተያዘ፣ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ነው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው፦ መዛል፣ ልብን ከሥራ ማራቅ፣ የሥራ ውጤት ማነስ። ሁለተኛውን ልብ በሉልኝ። እኛ «ልበ ደንዳና» ብለን የምንሰድበው ነገር ራሱ የድካሙ ምልክት ነው ማለት ነው። ትኩሳት የያዘውን ሰው «ምነው ሰውነትህን ብታቀዘቅዘው» ብሎ የሚመክር ሐኪም አላየንም፤ ለዛለች ነርስ ግን «ሩኅሩኅ ሁኚ» ብለን እንለጥፍላታለን።

«ደክሟቸውም የማይቆጡ አሉ» የሚል አይጠፋም። አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በጥቂቶች ጽናት ላይ የቆመ አሠራር ሲጸኑ ዝም ይላል፤ ሲወድቁ ይወቅሳል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ሎሚውን ቆጠረች። እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ መነሻነት በመደበኛው የተኝቶ ሕክምና ክፍል ለአንድ ነርስ ከ5 ሕመምተኛ በላይ አይሰጥም። ካሊፎርኒያዎች ከኛ ይልቅ አንጀታቸው ስለሚራራ አይመስለኝም። በርግጥ ገንዘባችን የነሱን አያህልም፤ መቁጠር ግን ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ደመወዝና የዱቲ ክፍያ ሲጠይቁ፣ ለአንዳንዶቹ የተሰጠው መልስ እስር ነበር። በማግስቱ ወደ ሥራ የተመለሰው ሰው ያንኑ ሦስት ቅጽል ግድግዳው ላይ አገኘው።

ሐረጓ ትውረድ አልልም። ከጎኗ ግን አንድ ሰሌዳ ይሰቀልልን። ዛሬ ማታ በዚህ ክፍል ስንት ሕመምተኛ ተኝቷል? ስንት ነርስ አለ? እያንዳንዷ ከገባች ስንት ሰዓት ሆናት? አስታማሚው እሱን አንብቦ ይቆጣ፤ ያኔ ማንን መቆጣት እንዳለበት ያውቃል።